በርሜሉም ይተነፍሳል

ባለፈው ሚያዝያ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስጓዝ፣ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልባት በወረታ ከተማ የፍሬን ዘይት ለመግዛት ወደ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። ጊዜው ቀትር ነበርና የሱቋ ጣሪያ እንደ ምጣድ ግሏል። በመደርደሪያው ላይ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ የመኪና ማጠቢያ ሳሙና፣ የቀለም ስፕሬይ፣ እንዲሁም ለመስኖ ፓምፕ የሚሆን ቤንዚን ተደርድሯል። አብዛኛው የተቀመጠው በተለምዶ «ሃይላንድ» በምንለው የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ወጣቱን ባለሱቅ አሲዱን ከሚጠጣው ውሃ በምን እንደሚለየው ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ውሃው ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው» ሲል በሙሉ ልብ መለሰልኝ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ልጁ ሰነፍ ወይም ግዴለሽ አልነበረም። የጎደለው ነገር እኛ የፊዚክስ መምህራን በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍን ከሰሌዳው ጋር የምናጠፋው ዕውቀት ነው።

ለትምህርት በቆየሁበት ብርዳማ አገር እነዚህ ዕቃዎች «ከውርጭ ይጠበቅ» የሚል ጽሑፍ ነበረባቸው። በውሃ የተበጠበጠ የመኪና ሳሙናና ሰም በረዶ ሲመታው ተለያይቶ ይበላሻልና ማስጠንቀቂያው እውነት ነው። ይሁን እንጂ የፎገራ ሜዳ ውርጭ የሚያሰጋው ምድር አይደለም። በመሆኑም ብዙዎቻችን ጽሑፉን አንብበን «ይህ እኛን አይመለከትም» ብለን እናልፋለን። ስሕተታችን የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የእኛን አገር አየር አደገኛ የሚያደርገው ሙቀቱ ወይም ብርዱ ለየብቻው ሳይሆን፣ ሁለቱ በየዕለቱ መፈራረቃቸው ነው።

ቀን መተንፈስ፣ ሌሊት መማግ

በ200 ሊትር በርሜል ውስጥ 180 ሊትር የሞተር ዘይት አለ እንበል። ቀሪው 20 ሊትር አየር ነው። የዘይት ይዘት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ10,000 እጅ 7 እጅ ያህል ይሰፋል ወይም ይኮማተራል። በርሜሉ ከቀን ወደ ሌሊት በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ዘይቱ በ1.3 ሊትር ገደማ ይቀንሳል፤ አየሩም በቻርልስ ሕግ መሠረት ከግማሽ ሊትር በላይ ይኮማተራል። በድምሩ 2 ሊትር የሚጠጋ ክፍተት ተፈጠረ ማለት ነው። ክዳኑ ፍጹም ጥብቅ ካልሆነ በርሜሉ ይህን ክፍተት የሚሞላለትን ነገር ከውጭ ይምጋል፤ በማግሥቱ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ መልሶ ይተነፍሳል።

በበጋ የሚምገው አየርና አቧራ ነው። በክረምት ግን ደጅ በቆመ በርሜል አናት ላይ የዝናብ ውሃ ያቁራል፤ ክዳኑም ከዚያ ውሃ ሥር ይውላል። ማታ ሲቀዘቅዝ በርሜሉ አየር ሳይሆን ውሃ ይጠጣል። ውሃው ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል። የሩዝ መፈልፈያው ወይም የሽንኩርት ማጠጫው ሞተር ሲበላሽ ጥፋቱ በዘይቱ ሻጭ ወይም በመካኒኩ ላይ ይላከካል እንጂ በርሜሉን የሚጠረጥር የለም። መፍትሔው ግን ሳንቲም አያስወጣም፦ በርሜሉን ከዝናብ ማስጠለል፣ ይህ ካልተቻለ ሁለቱ ክዳኖች ጎን ለጎን ከመሬት በእኩል ከፍታ እንዲሆኑ አድርጎ ማስተኛት ነው። ያን ጊዜ ክዳኖቹን ከውስጥ ዘይቱ ይሸፍናቸዋል፤ ከውጭም ውሃ የሚያቁርባቸው ቦታ አይኖርም።

የቤንዚን ነገር ከዚህ ይብሳል። እስከ አፉ የተሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ይዘቱ በ0.4 ሊትር ገደማ ይጨምራል፤ ክፍት ቦታ ስለሌለው ጀሪካኑን ይወጥረዋል ወይም በክዳኑ ያፈተልካል። የሚወጣው ተን ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ ወለል ለወለል ይሳባል። ከአየር ጋር ከመቶ 1.4 ያህል ሲቀላቀል ለመቀጣጠል በቂ ነው። እንግዲህ ከሱቁ ጥግ ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ ቢኖር፣ እሳቱ ወደ ቤንዚኑ ባይሄድ እንኳ ቤንዚኑ ራሱ ወደ እሳቱ ይሄዳል። ቤንዚን የተቀዳበት ጀሪካን ሳይለይ ለላምባ መቅጃ ሲውልም ኩራዙ እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል።

ስፕሬይም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይደለም። በጣሳው ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ተጽፎበታል። መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከዚህ መጠን ሊያልፍ ይችላል።

ከሜዳው እስከ ደብረ ታቦር

ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ የከባቢ አየር ግፊቱ ከ82 ወደ 73 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ይወርዳል። ወረታ ላይ ተከድኖ በሚኒባስ ወንበር ሥር የተሸጎጠ የቤንዚን ጀሪካን ዳገቱን ሲወጣ የሚነፋው ለዚህ ነው። ቀስ እያለ የሚያፈተልከውን ተን የሚተነፍሱት ደግሞ ተሳፋሪዎቹ ናቸው።

ቁልቁለቱስ? 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሚኒባስ 900 ሜትር ሲወርድ 26 ሚሊዮን ጁል የሚሆን ኃይል ይለቃል። ይህ 10 ሊትር ውሃ አፍልቶ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚበቃ ነው። ከፊሉን ሞተሩና የአየሩ ተቃውሞ ይወስዱታል፤ ቀሪው በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። «ዶት 3» የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ እንዳይፈላ መስፈርቱ ያስገድዳል። ነገር ግን ይህ ዘይት እርጥበት ይስባል። ከመቶ 3.7 ያህል ውሃ ሲጠጣ መስፈርቱ የሚጠይቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ በፍሬን ቱቦ ውስጥ ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋ ደግሞ እንደ ፈሳሽ ግፊት አያስተላልፍም፣ ይታመቃል እንጂ። ሾፌሩ ይረግጣል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም።

ክዳኑ ላልቶ ክረምቱን በሙሉ ቀን ሲተነፍስ ሌሊት ሲምግ የከረመ የፍሬን ዘይት ይህን ያህል አደጋ ይዞ ይጓዛል። ለዓይን ግን ከአዲሱ ላይለይ ይችላል። እኔም ለዚህ ነበር የቀረበልኝን የተከፈተ ጠርሙስ መልሼ የታሸገ የጠየቅሁት።

ጥፋቱ የማን ነው?

ለባለሱቁ ጥፋተኛ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልፈርድበትም። ደንበኛው ሙሉ ጣሳ የመግዛት አቅም ስለሌለው ግማሽ ሊትር ይጠይቃል፤ ለግማሽ ሊትር የሚሆን ርካሽ ዕቃ ደግሞ ሃይላንዱ ነው። ድህነት የወለደውን ልማድ በቁጣ መንቀል አይቻልም። ሆኖም ከሁሉ አስቀድሞ መቆም ያለበት ልማድ አንድ ነው፤ እርሱም አሲድንና ቤንዚንን በመጠጥ ዕቃ ማስቀመጥ ነው። የባትሪ አሲድ እንደ ውሃ የጠራ ነው። የተጠማ ሕፃን ግራና ቀኝን አይለይም።

ሌላው ሁሉ በትንሽ ጥረት ይሠራል። የፍሬን ዘይት በራሱ ዕቃ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ከተከፈተ በኋላም ለወራት አይቆይ። ቤንዚን ለነዳጅ በተሠራ ዕቃ ይቀመጥ፤ እስከ አፉም አይሞላ። የሚቀመጥበትም ስፍራ እሳት ከሚነድበትና ሰው ከሚተኛበት ቤት የተለየና ነፋስ የሚያገኘው ይሁን። አሲድ ልጅ በማይደርስበት ስፍራ፣ ስሙ በጉልህ በአማርኛ ተጽፎበት ይቀመጥ። አስመጪዎችም ማስጠንቀቂያውን ገዢው በሚያነበው ቋንቋ እንዲያትሙ መጠየቅ አለባቸው። ርብና ጉማራ በሚሞሉበት ወቅት ደግሞ ሁሉም ከፍ ካለ ቦታ ይዋል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ የደረሰውን ጎርፍ የፎገራ ሰው አይረሳውም። ዘይት ከውሃ ስለሚቀል ጀሪካኑ ተንሳፍፎ ወደ ሩዝ ማሳ መሄዱ አይቀርም።

በመጨረሻም ለእናንተ ለተማሪዎች አንድ ቃል አለኝ። የቻርልስን ሕግ ለፈተና አጥንታችሁ ይሆናል። በመጪው የዕረፍት ጊዜ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ አልጋ ሥር ያለውን ጀሪካን፣ በደጅ የቆመውን በርሜል፣ በመስኮት ላይ ያለውን ሃይላንድ ተመልከቱ፤ ምን ያህል እንደሚሰፋም አስሉ፤ ከዚያም ለወላጆቻችሁ አስረዱ። እኔ በዚያች ሱቅ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቆሜ ለወጣቱ ይህንኑ አስረድቼው ነበር። አሲዱን አንሥቶ በላይኛው መደርደሪያ ላይ ሲያስቀምጥ አይቼ ጉዞዬን ቀጠልኩ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።