ሻጭና ገዢ አንድ ኪስ ሲሆኑ

የአሜሪካው ኤ.ኤም.ሲ. ጣቢያ «ዘ ዎኪንግ ዴድ» የተባለውን ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2022 አሳይቷል። ገበያው የደራ ነበር። ይሁንና ድራማውን ለቴሌቪዥን ያበቁት ሚስተር ፍራንክ ዳራቦንት በ2011፣ ሁለተኛው ምዕራፍ በመሠራት ላይ ሳለ ተሰናበቱ። በ2013 ከወኪላቸው ከሲ.ኤ.ኤ. ጋር ሆነው ክስ መሠረቱ።

አቤቱታቸው፦ አምራቹም አሰራጩም ኤ.ኤም.ሲ. በመሆኑ ድራማውን ለራሱ በርካሽ ሸጦ የትርፍ ድርሻችንን አሳነሰ የሚል ነበር። ጣቢያው ክሱን ሲቃወም ቆይቶ በ2021 200 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በእኛ እምነት የጠቡ ሥር ውሉ ነው። «ከትርፉ ይህን ያህል በመቶ» ብሎ መፈረም አይበቃም። ትርፉ በየትኛው ዋጋ እንደሚሰላና ሒሳቡን ማን እንደሚመረምር አስቀድሞ ይጻፍ። ያለዚያ ሸሪክም ሆነ ደላላ የሚይዘው ቁጥር እንጂ ገንዘብ አይደለም።