ድሬም በኮሚቴው ውስጥ ወንበር ይኑራት

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የከዚራ ሰፈርም ከነጥላ ዛፎቹና ከነቀጥ ያሉ መንገዶቹ የባቡሩ ልጅ ነው። ዛሬም የጅቡቲ ዕቃ በአዲሱ ባቡርም በድንበር ከተማዋ በደወሌ አስፋልትም ወደዚሁ ይመጣል። ደረቅ ወደቡ እዚሁ ነው፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚሁ ተመረቀ። መንገዱ ተሠርቷል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ነው።

አንድ አስመጪ ለአንድ ኮንቴይነር የሚይዘውን ፋይል ገልጣችሁ እዩት። የባንክ ፈቃድ፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የመርከብ ሰነድ፣ ኢንሹራንስ፣ የስሪት አገር ሰርተፊኬት፣ ዲክላራሲዮን። ዕቃው ምግብ ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይጨመራል፤ ዘር ከሆነ ግብርና። በኢንቮይሱ ላይ ያለው ክብደት ከፓኪንግ ሊስቱ በጥቂት ኪሎ ቢለያይ ሥራው ይቆማል። ላኪው አርሞ እስኪልክ ድረስ የመጋዘኑ ኪራይ ይቆጥራል፤ የኮንቴይነሩ የመዘግየት ቅጣትም በዶላር ይቆጥራል። አንድ ትራንዚተር እንዲህ አለኝ፦ «ለአንዱ መሥሪያ ቤት የሰጠሁትን ለሌላውም እሰጣለሁ። ለምን እነሱ እርስ በርስ አይሰጣጡም?»

ይህን ጥያቄ ጉምሩክ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። ባንኩ፣ ተቆጣጣሪው፣ አጓጓዡና ነጋዴው አንድ ላይ ተቀምጠው «ይህ ፊርማ ለምን ያስፈልጋል?» መባባል አለባቸው። የብሔራዊ የንግድ ማሳለጫ ኮሚቴ ሥራው ይኸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገሮች እንዲህ ያለ አካል እንዲኖራቸው የመከረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጥ ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 23 ምክሩን ግዴታ አደረገው። ስምምነቱ ሙሉ በሙሉ ቢተገበር የንግድ ወጪ በአማካይ 14 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ብሎ ድርጅቱ ገምቷል።

ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ጠይቃ እስካሁን ድርድር ላይ ናት፤ ስለዚህ ይህ ገና አይመለከተንም የሚል ይኖራል። ይመለከተናል። በ2011 ዓ.ም. ያጸደቅነው የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነትም በአባሪው ይህንኑ ኮሚቴ ይጠይቃል። በጥር 2012 ዓ.ም. የተጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ግን ሶፍትዌሩ መረጃ ያሻግራል እንጂ ሁለት መሥሪያ ቤቶች የሚጠይቁትን አንድ ዓይነት ሰርተፊኬት ወደ አንድ አያመጣም። ያን የሚወስኑት ሰዎች ናቸው።

ኮሚቴ ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን እንደሚያዞር አውቃለሁ፤ ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤ፣ አበል። ስጋቱ ውሸት አይደለም። የማይረባ ሥርዓትን የማሰረዝ ሥልጣንና ቋሚ ጽሕፈት ቤት የሌለው ኮሚቴ ቢሰበሰብም ባይሰበሰብም ልዩነት የለውም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ማን ይቀመጥበታል የሚለው ነው። ወንበሮቹ ሁሉ በአዲስ አበባ ኃላፊዎች ከተያዙ በደወሌ ኬላ የሚያድረውን ሾፌር ማን ያስታውሰዋል? በከተማችን ታይዋን ገበያ ውስጥ በትንሽ ካፒታል የምትነግደውንስ ሴት? ሕጋዊው መንገድ ለእሷ ረጅምና ውድ በሆነ ቁጥር ኮንትሮባንዱ ቅርብ ይሆንባታል። ኬላ ከማብዛት በፊት ለአነስተኛ ነጋዴ የሚበቃ አጭር ቅጽ ማዘጋጀት አይሻልም?

ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። የድሬዳዋ ነጋዴዎች፣ ትራንዚተሮችና ሾፌሮች በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ያላቸው ተወካዮች ይኑሯቸው። ሁለተኛ፣ ኮሚቴው በየጊዜው እዚህ እየመጣ፣ ሥራው ያለቀ የአንድ ኮንቴይነር ፋይል ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ፤ እያንዳንዱን ማህተም ያሳረፈው መሥሪያ ቤት በየትኛው ሕግ እንዳሳረፈ ያስረዳ። ማስረዳት ያልቻለው ማህተሙን በዚያው ስብሰባ ይተው፤ ውሳኔውም ለነጋዴው በጽሑፍ ይለጠፍ።