ክልሉን ማን ሰጠን?

«ክልል ተሰጥቷችሁ የለም እንዴ? አሁን ደግሞ ምን ጎደለ?» ስለ ሥራ፣ ስለ በጀት፣ ስለ መንገድ በጠየቅን ቁጥር የምትመጣው መልስ ይቺ ሆናለች። ወገኔ፣ «ተሰጥቷችሁ» የምትለዋን ቃል ዝም ብለህ አትለፋት። የሲዳማን ክልል ማንም ቆርሶ አልሰጠንም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በሽግግሩ ዘመን ለየብቻቸው የነበሩ 5 ክልሎች ተጨፍልቀው «ደቡብ» ሲባሉ አባቶቻችንን ማን ጠየቃቸው? ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የሐዋሳን ጉዳይ ይዞ በሰላም የወጣ ሕዝብ ሎቄ ላይ በጥይት ተመታ። አብዛኞቻችን ያኔ ገና ሕፃናት ነበርን። ግን ሎቄን የማያውቅ የሲዳማ ልጅ አለ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ላይ መንገዱን አስቀምጦታል። የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፣ ጥያቄው በጽሑፍ ይቀርባል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደራጃል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው እኮ! የዞኑ ምክር ቤት በሐምሌ 2010 እጁን ያወጣው ግን ድንገት ሕግ ትዝ ስላለው አይደለም። ውጭ የቆመ ሕዝብ ስለነበረ ነው። ኤጄቶ መንገድ ላይ፣ ሽማግሌዎች በአፊኒ ደንብ «ሰማችሁ ወይ?» እየተባባሉ በየዛፉ ጥላ ሥር፣ እናቶች ደግሞ ቤት ውስጥ ልጅ እየሸኙ።

ዓመቱ ሞልቶ ሕዝበ ውሳኔው ሳይደረግ ቀረና ሐምሌ 11 ቀን 2011 መጣ። እዚህ ላይ እውነቱን እናውራ፤ ሀላሌ የምንል ሕዝብ ነን አይደል? በነዚያ ቀናት በጸጥታ ኃይል ጥይት የወደቁ ወንድሞቻችን አሉ። ቤታቸው የተቃጠለባቸው፣ የተገደሉ ጎረቤቶቻችንም አሉ። ሲዳማ ስላልሆኑ ብቻ። ይህን በትግላችን ስም የሚያደንቅ ሰው ካለ እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም። ክልሉን ያመጣው እሳቱ አይደለም፤ እሳቱ ሊያስቀረው ምንም አልቀረውም ነበር።

ያመጣው ኅዳር 10 ቀን 2012 ነው። ሌሊት ወጥተን ተሰለፍን። ምርጫው ሻፌታ ወይም ጎጆ ነበር፤ ሻፌታ ክልል መሆን፣ ጎጆ በደቡብ ክልል መቀጠል። ሻፌታ ማለት ደግሞ በፍቼ ጫምባላላ ቡሪሳሜ ቀርቦበት ቤተሰብ ከጎረቤት ጋር አንድ ላይ የሚበላበት ገበታ ነው። ማንበብ የማትችለው አያቴ ማንም ሳያስረዳት ምልክቱ ገባት። ጣቷ ላይ ያለው ቀለም እንዳይለቅባት ስትጠነቀቅ ሳያት ሳቄ መጣ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ፣ 98.51 በመቶው ሻፌታ አለ። በሰኔ 2012 የአገሪቱ 10ኛ ክልል ሆንን።

ታዲያ ሰጪው ማን ነው? ድምፅ ሰጪው እኮ እኛ ነን!

ስለዚህ ወንድሜ፣ «ክልላችን ነው፣ አትናገር» የሚልህን አትስማው። እኔ ክልሌን ስለምወድ ነው የምናገረው። ራስን ማስተዳደር ማለት የመኪናው ታርጋ መቀየር ብቻ ከሆነ ለምን ተሰለፍን? የቅጥር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት ቦታው ተይዞ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ሐዋሳ በደቡብ ጊዜ ከነበረው በምን ተለየ? እኔ ዲግሪዬን ይዤ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። የምጠይቀው ዘመድ እንዲፈለግልኝ አይደለም። ፈተናው በግልጽ ይሰጥ፣ ውጤቱ ከነስሙ ይለጠፍ፣ የቀበሌ በጀት ሕዝብ ፊት ይነበብ። ያኔ እንዳደረግነው በጽሑፍ እንጠይቅ፣ ፈርመን እንጠይቅ፣ ድንጋይ ሳናነሳ ግን ሳንበተን።

ባለፈው ሳምንት አያቴ «ክልሉ ሥራ አልሰጠህም እንዴ?» አለችኝ። «ክልሉ ያንቺ ነው፣ አንቺ ጠይቂልኝ» አልኳት፣ ለቀልድ። እሷ ግን ነጠላዋን አነሳች።

«ስብሰባው መቼ ነው?» አለችኝ።