ለገና ጥድ አትቁረጡ
ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ በብዙ ከተሞቻችን ለጋ ጥድ ተቆርጦ መንገድ ዳር ይሸጣል፤ አሰላም የጥድ አገር ናትና ፈተናው ይቀርባታል። ዘንድሮ ቤተሰቦች ይህን ልማድ እንዲተዉ እለምናለሁ። የሐበሻ ጥድ በዝግታ የሚያድግ የደጋ ዛፍ ነው፤ ለሳምንት ጌጥ ብለን የምንቆርጠውን የሚተካ ዛፍ እዚያ ቁመት ላይ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ደግሞስ ቅርንጫፉ ላይ የምንበትነው ጥጥ የማን አገር በረዶ ነው? የእኛ ገና የሚውለው በበጋ ነው፤ በጭላሎ ግርጌ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ጥርት ያለ ፀሐይ፣ ስንዴና ገብሱ ተወቅቶ ወደ ጎተራ የሚገባበት ወቅት። ጌታ በበረት ተወለደ ብለን የምናምን ሰዎች፣ ደጃችን ላይ የተከመረውን ጭድ ትተን ለሱቅ ብልጭልጭ መበደር የለብንም (ሲበደሩ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል)። ቄጠማው ይጎዝጎዝ፣ ድፎው ይደፋ፣ ቡናው ይፈላ፤ ልጆችም ቤት ውስጥ መብራት ሲጠላልፉ ከሚውሉ የገና ዱላቸውንና ሩራቸውን ይዘው ሜዳ ይውጡ። ጥድ የግድ ካማራችሁ ክረምት ሲገባ ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ትከሉ፤ ሲያድግ በየዓመቱ እንደቆመ መብራት ይታሰርበታል።