ጋፋትና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ገበያ

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓን የእጅ ጥበብ በኢትዮጵያ ምድር ለመትከል ባሰቡ ጊዜ ሠራተኞቹን ሰብስበው ያስቀመጡት በዚህ ስፍራ ነበር። በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡት ዋልድማየር፣ ዛልሙለርና ቤንደር፣ የፖላንድ ተወላጁ ሞሪትዝ ሆል፣ እንዲሁም ፈረንሳዊው ቡርጎ ከጓደኞቻቸው ጋር በዚያ ሠርተዋል፤ የአገሩም ልጆች ጥበቡን እንዲማሩ ከእነርሱ ዘንድ ተሰጥተው ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲሠራላቸው ባዘዙ ጊዜ ሰባኪዎቹ ይህን ጥበብ አናውቅም ብለው ነበር። ነገር ግን ትእዛዙ ስለ ጸና ምድጃ ሠርተው ሞከሩ፤ ሳይሳካላቸው ቢቀር ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻም ቻሉ። ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የዚህ ድካም ፍሬ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ተራራው እየተቈረሰ መንገድ እየተበጀለት፣ ብዙ ሕዝብ እየሳበው፣ ስድስት ወር ያህል ከተጓዘ በኋላ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም በዚያው አለ። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ።

ለዛሬው ነገር የሚጠቅመው ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ፈረንጆቹ ከናፒየር ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ የጋፋትም እሳት ጠፋ። ጥበቡ በውል የተሰጠ ሳይሆን በትእዛዝ የተገኘ ስለ ነበረ፣ የማቅለጡም ልክ በሠራተኞቹ ራስ ውስጥ ስለ ቀረ፣ ሠራተኞቹ በሄዱበት አብሮ ሄደ። ከ28 ዓመት በኋላ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተተኰሱት ፈጣን መድፎች ከባሕር ማዶ የተገዙ ነበሩ እንጂ በጋፋት የተሠሩ አልነበሩም።

ይህ ሁሉ የሚነሣበት ምክንያት አለው። በአሁኑ ጊዜ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገበያ የሚጻፈው ዘገባ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። በተለይም በኢንተርኔት ስለሚደረገው የችርቻሮ ንግድና ስለ አይሮፕላን ነጂዎች ማሠልጠኛ መኪና ታላቅ ተስፋ ይነገራል። ቍጥሩ በቢሊዮን ዶላር የሚቈጠር ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ቍጥር ምን ያህል ገንዘብ እንደሚከፈል ይናገራል እንጂ ከማን ኪስ ወጥቶ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ አይናገርም። ሻጭ የሚያየው ተስፋና ገዢ የሚያየው ተስፋ አንድ አይደለም።

አስተውሎት የሚለው ስም ለመኪና መሰጠቱ በሊቃውንት ዘንድ ጥያቄ ቢያነሣ የሚያስደንቅ አይሆንም። መኪናው አያስተውልም፤ እጅግ ብዙ ምሳሌ ተመልክቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል። ሺህ ቅኔ በቃሉ የያዘ፣ ነገር ግን ምስጢሩ ያልተፈታለት ደቀ መዝሙር ቤት መምታቱን አሳምሮ ሊያወጣ እንደሚችል፣ ይህም መኪና መልኩን አሳምሮ ያወጣል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ምሳሌው ከወዴት መጣ፣ የማንስ ነው የሚለው ነው።

የችርቻሮውን ነገር ብንመለከት፣ አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1998 ጀምሮ ይህን ዕቃ የገዙ ሰዎች ያንንም ገዝተዋል እያለ ለደንበኞቹ ያሳያል። የዚህ ብልሃት ሥሩ የገዢዎች መዝገብ ነው። የመርካቶ ነጋዴ የደንበኛውን ጠባይ በራሱ ይይዘው የነበረውን መኪናው ለሚሊዮኖች ሰዎች ይይዘዋል ማለት ነው። በኢትዮጵያም መንገዱ ተጠርጎአል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ወጣ፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ታወጀ። በአዲስ አበባ ብዙ ባለሱቆች የዕቃቸውን ሥዕል በቴሌግራም አውጥተው ይሸጣሉ፤ ዕቃውንም ሞተር ብስክሌት ነጂ ያደርሳል።

ነገር ግን ከደብረ ታቦር ሆኖ ለሚመለከተው ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የፋርጣ ገበሬ ድንችና ገብስ፣ የፎገራ ገበሬ ሩዝ አለው። ገዢውም በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ አለ። በመካከላቸው ያለው ግን የቤት ቍጥር የሌለበት አድራሻ ነው፤ ዕቃ አድራሹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት እየተባለ በስልክ ይመራል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በክልሉ በጸጥታው ችግር ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ጸጥታ የማስከበሩ ነገር ለሚመለከተው ሹም የተተወ ነው። ሆኖም ሱቁን በመስመር ላይ የከፈተ ነጋዴ መስመሩ በተዘጋ ቀን ሱቁም እንደሚዘጋ፣ ደንበኛውም ወደ ሌላ እንደሚሄድ ውሳኔ በሚሰጥበት ሸንጎ መነገር ይገባዋል። በዚያን ጊዜ መኪናው የሚማርበት ምሳሌም ይቋረጣል፤ ስለ ደቡብ ጎንደር ገበያ የሚያውቀው ያነሰ ስለሚሆን ለዚያው አገር የሚሰጠው አገልግሎት የከፋ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በዝምታ የሚታለፈው የፊደሉ ጉዳይ ነው። አንዱ ሻጭ «የፀሐይ ብርሃን መብራት» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛው «የጸሀይ» ይላል፤ ገዢው ደግሞ «የፀሃይ» ብሎ ይፈልጋል። ሦስቱም አንድ ዕቃ ሲፈልጉ መኪናው ካልተነገረው በስተቀር እንደ ሦስት ቃል ይቈጥራቸዋል፤ ገዢውም የለም ተብሎ ይመለሳል። በዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ሀንና ሐን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ወደ አንድ እየጠቀለሉ ችግሩን ለማቃለል ሞክረዋል፤ ለገበያም ፍለጋ ይህ ደኅና ይበቃል። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ሠረቀ ማለት ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን ሰረቀ ማለት የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው፤ ሠዐለና ሰአለም እንዲሁ የተለያዩ ናቸው። ሁሉን በአንድ የጠቀለለ መኪና መብራት ሲሸጥ አይሳሳት ይሆናል፤ መጽሐፍ ሲሸጥ ወይም ሕግ ሲያነብ ግን ይሳሳታል። የቱ ፊደል ከየቱ ጋር በየትኛው ቃል ሊጠቀለል እንደሚገባ የሚያውቁት በአሜሪካ ያሉ መሐንዲሶች ሳይሆኑ በየአድባራቱ ያሉ የመጽሐፍና የቅኔ መምህራን ናቸው።

ወደ ሁለተኛው ነገር ስንሻገር የተሻለ ምሳሌ ይገኛል። ከምድር ሳይነሡ ማብረርን የሚያስተምረውን መኪና መጀመሪያ ለሥራ ካበቁት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ ነው። አባቱ የኦርጋንና የፒያኖ ፋብሪካ ስለ ነበራቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1929 የኦርጋኑን ወናፍ ወስዶ ትንሿን የእንጨት አይሮፕላን ወዲያና ወዲህ እንድትዘነበል አደረገባት። የጋፋት አንጥረኛ ቢያየው ወናፉን ባወቀው ነበር። ዛሬ ሲሙሌተር የሚባለው መኪና በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ፤ ለኪው 400፣ ለ737፣ ለ777፣ ለ787ና ለኤርባስ 350 ነጂዎች ማስተማሪያ ይሆናል። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተማሪዎች እየመጡ ይማሩበታል።

በዚህ መኪና ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲጨመር፣ አስተማሪው ራሱ የመቈጣጠሪያ ማማውን ድምፅ ሆኖ ይናገር የነበረውን መኪናው ይናገራል፤ የተማሪው እጅና ዐይን የት እንደ ዘገየ እየመዘገበ በሚቀጥለው ቀን ምን ሊደገምለት እንደሚገባ ያመለክታል። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የአሜሪካ ሰዎችን ድምፅ ብቻ ሰምቶ የተማረ መኪና በጎንደር ልጅ ወይም በናይሮቢ ልጅ አፍ የሚነገረውን እንግሊዝኛ ሊስት ይችላል፤ ጥፋቱም በተማሪው መዝገብ ላይ ይጻፋል።

የመኪናውን ውስጥ አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ኢትዮጵያ በኀዘን ተምራዋለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቍጥር 302 አይሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ነፍስ ጠፋ። የአይሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የገፋው፣ ከተበላሸ መለኪያ የተሳሳተ ወሬ የተቀበለው ኤምካስ የተባለ በራሱ የሚሠራ ሥርዐት እንደ ነበረ መርማሪዎቹ ገልጠዋል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ቦይንግ ኩባንያ ለ737 ማክስ የተሠራው ሲሙሌተር ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን እንደሚገባ ለማሳየት የማይችልበት ጕድለት እንደ ነበረውና እንዳረመው አስታወቀ። እንግዲህ ማስተማሪያው ራሱ ያላወቀውን ተማሪው ከወዴት ሊያውቅ ይችል ነበር? ጕድለቱን ለማየት የውስጡ ጽሕፈት በእጁ የነበረው ሠሪው ነበር፤ ገዢው ግን የተሰጠውን ተቀብሎ ይሠራ ነበር።

ይህ የአየር መንገዱን ሰዎች ለመንቀፍ የተነገረ አይደለም። እንዲያውም ጋፋት ያልቻለውን የቻለ ድርጅት ቢፈለግ የሚገኘው እርሱ ነው። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ነጂዎቹም አስተዳዳሪዎቹም ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው ኩባንያ ጋር በተደረገው ውል የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ፤ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት ወደ ካይሮ የተደረገው የመጀመሪያው በረራም በእነርሱ እጅ ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያውያን እየተማሩ ሥራውን እንዲረከቡ ታሰበ፤ ተደረገም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ ነጂ ሆኑ፤ በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ሃያ አምስት ዓመት ወሰደ፤ ነገር ግን ፈረንጆቹ ሲሄዱ ጥበቡ አልሄደም። የጋፋት ሠራተኞች በትእዛዝ ተይዘው ሠሩ፤ የአየር መንገዱ ሠራተኞች በውል ገብተው አስተማሩ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እጅግም ታላቅ ልዩነት ነው።

ስለዚህ ከሁለቱ ገበያዎች ለኢትዮጵያ የቀረበው ተስፋ፣ ምንም እንኳ የገንዘቡ ልክ ያነሰ ቢሆን፣ የበረራ ማሠልጠኛው ነው ማለት ይቻላል። ችርቻሮው ገና አድራሻና ያልተቋረጠ መስመር ይጠብቃል። በበረራው ግን ተማሪው፣ አስተማሪው፣ መኪናውና የብዙ ዓመት የሥልጠና መዝገብ ሁሉም በአንድ ግቢ ይገኛሉ። ይህ መዝገብ ትልቅ ሀብት ነው። የአፍሪካ ነጂዎች በደጋ አይሮፕላን ማረፊያ፣ በክረምት ነጐድጓድ፣ በየራሳቸው የአነጋገር ቃና እንዴት እንደሚሠሩ የሚያሳይ መዝገብ ለሚፈልግ ሠሪ ሁሉ የሚሸጥ ነገር ነው። በነጻ ተሰጥቶ ተመልሶ በዶላር እንዳይገዛ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማእከልን በ2012 ዓ.ም. አቋቁማ ወደ ኢንስቲትዩት አሳድጋለች፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በ2016 ዓ.ም. ስለዚሁ ነገር ብሔራዊ ፖሊሲ አጽድቋል። ፖሊሲ ግን በግዢ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ካልወረደ በመጽሐፍ ይቀራል። ለሲሙሌተርም ሆነ ለመንግሥት መደብር መኪና የሚገዛ ሹም በውሉ ላይ መዝገቡ የገዢው እንዲሆን፣ የአገሩ መሐንዲሶች የውስጡን ሥራ እንዲማሩ፣ ስሕተት የተገኘበት እንደ ሆነ እነርሱ ራሳቸው እንዲያርሙት የሚፈቅድ ቃል ማስገባት ይችላል። ዋጋው ከፍ ይል ይሆናል። ሻጩም ይህ የንግድ ምስጢር ነው ብሎ ይከራከራል፤ በከፊል እውነት አለው። ቢሆንም ብዙ የሚገዛ ደንበኛ የሚሰማ ድምፅ አለው፤ አየር መንገዱም በአፍሪካ ከሁሉ የበለጠ ገዢ ከሆኑት አንዱ ነው።

የፊደሉን ሥራ በተመለከተ ዶላርም ሲሙሌተርም አያሻውም። ኢንስቲትዩቱ ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና ከአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ጥቂት የመጽሐፍ መምህራንን ከመሐንዲሶች ጋር በአንድ ክፍል ቢያስቀምጥ፣ የትኞቹ ቃላት በምን ፊደል ቢጻፉ አንድ እንደሆኑ፣ የትኞቹም ፈጽመው እንደሚለያዩ የሚያሳይ መዝገብ ሊያወጡ ይችላሉ። ያም መዝገብ ለማንኛውም የአማርኛ ሱቅ በነጻ ቢሰጥ የድንቹ ሻጭና የመጽሐፉ ሻጭ እኩል ይጠቀሙበታል። ክፍሉ በጋፋት አጠገብ ቢሆን ደግሞ ከዐፄ ቴዎድሮስ ወዲህ በዚያ የሚጀመር የመጀመሪያው የጥበብ ሥራ ባይሆንም፣ ሠራተኛው ቢሄድ አብሮ የማይሄድ ሥራ ይሆን ነበር።