ውድ መጋዝ ገዝተን የት እናስለዋለን?

በፈርኒቸር ሥራ የተሰማሩ ሰዎች ዘንድ ተደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ጥርሱ ላይ ካርባይድ የተበየደበት የባንድ ሶ መጋዝ ከተራው ብዙ እጥፍ ይሸጣል። ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ለአብዛኞቹ ትናንሽ የእንጨት ሥራ ቤቶች ዛሬ አያዋጣም። ጥፋቱ ግን የመጋዙ አይደለም።

ካርባይድ ተንግስተንና ካርቦን ተዋህደው፣ በኮባልት ተያይዘው የሚሠራ ነገር ነው። ከብረት እጅግ ስለሚጠነክር ስለቱ ቶሎ አይሞትም። ሙጫ የበዛበትን ኤምዲኤፍና ቺፕውድ የምንቆርጥበት ክብ መጋዝ ካርባይድ መሆኑ ማንንም አያከራክርም። ክቡ መጋዝ ግን አይተጣጠፍም። የባንድ ሶ መጋዝ በሁለት ጎማዎች ላይ በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ጎማው ትንሽ ከሆነ ጥርሱ ገና ስለት እያለው ጀርባው ተሰንጥቆ ይበጠሳል። የካርባይዱ ጀርባ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወፈር ያለ ስለሆነ ትልቅ ጎማና ጠንካራ ውጥረት ይፈልጋል። ትንሿ ማሽን ይህን አትችልም።

ሁለተኛው ነገር ሚስማር ነው። ካርባይድ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። ከፈረሰ ቤት የወጣ ወይም ለፎርምወርክ ያገለገለ ጣውላ የሚሰነጥቅ ሰው አንድ የተደበቀ ሚስማር ብዙ ጥርስ ሊያረግፍበት ይችላል። ተራው መጋዝ ሚስማር ቢነካው በሞረድ ይስተካከላል። ካርባይድን ግን ሞረድ አይነካውም፤ የአልማዝ ድንጋይ የተገጠመለት መሳያ ማሽን ይፈልጋል።

ዋናው ሒሳብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ካርባይዱ የተራውን 5 እጥፍ ያወጣል እንበል። በዚያ ገንዘብ 5 ተራ መጋዞች ይገዛሉ። እያንዳንዱ 3 ጊዜ ቢሳል 4 ዙር ይሠራል፤ በድምሩ 20 ዙር። የካርባይዱ መሳያ በአካባቢው ከሌለ አንዷ የካርባይድ ዙር ከ20 የተራ ዙር ጋር መተካከል አለባት። መሳያው ካለና እሱም 3 ጊዜ ከተሳለ ግን እያንዳንዱ ዙር 5 የተራ ዙር ቢያህል ይበቃል። የመሳያ ዋጋና መጋዝ ለመቀየር የሚባክነው ሰዓት ሒሳቡን ትንሽ ወዲህ ወዲያ ያደርጉታል፤ የ20 እና የ5ን ልዩነት ግን አያጠፉትም። መሳያ የሌለው ካርባይድ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

«ዋጋው ይረክስ ይሆናል» ብሎ መጠበቅም የሚያዋጣ አይመስለኝም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መሣሪያ ሁሉ ተወዷል። የዓለምን አብዛኛውን ተንግስተን የምታመርተው ቻይና በጥር 2017 በማዕድኑ የወጪ ንግድ ላይ ቁጥጥር ጣለች። በቀጣዩ ወር፣ በየካቲት፣ የኮባልቷ ዋና ምንጭ ኮንጎ ኪንሻሳ የኮባልት ሽያጭ ወደ ውጭ አገደች፤ በኋላም በኮታ ተካችው። ካርባይድ የሚሠራው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

«ጥሩ ዕቃ አንዴ ግዛ» የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል አልልም። ትልቅ ጎማ ያለው ማሽን ይዞ፣ ሚስማር የሌለበት አንድ ዓይነት ጠንካራ እንጨት ቀኑን ሙሉ ለሚሰነጥቅና መሳያ በእጁ ላለ ድርጅት ካርባይድ ገንዘቡን ይመልሳል። ችግሩ ይህን የሚያሟላው ትልቁ ብቻ መሆኑ ነው። ትንሹ በርካሹ መጋዝ ላይ ተቸንክሮ፣ በየጊዜው የውጭ ምንዛሪ የወጣበት መጋዝ እየሰበረ ይኖራል።

ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ማሽን በሊዝ ማቅረብ መልካም ነው። ማሽኑን ሰጥቶ መሳያውን መርሳት ግን መኪና ሸጦ ጋራዥ እንደ መከልከል ነው። የእንጨት ሥራ ማኅበራት በአንድ ግቢ ተሰብስበው በሚሠሩበት ቦታ ሁሉ አንድ የጋራ የአልማዝ መሳያ ቢተከል፣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም መጋዝ መሳልን ራሱን እንደቻለ ሙያ ቢያስተምሩ፣ የትንሹም ሒሳብ ከ20 ወደ 5 ይወርዳል።

እስከዚያው ድረስ ገዢ ሆይ፣ ከመክፈልህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ማሽኔ ይህን ውፍረት ይችላል? እንጨቴ ከሚስማር የጸዳ ነው? ሲዶለዱም ማን ይስልልኛል? የአንዱ መልስ እንኳ «አላውቅም» ከሆነ ተራውን ግዛ፤ የተረፈህን ገንዘብም ለመሳያ አስቀምጥ።