ሥዕሉ በረዶ፣ ደብዳቤው ቆላ

ዛሬ ስለ አንድ የገና ካርድ እናጫውታችኋለን።

ባለፈው ሳምንት ከማታው ትምህርት በኋላ አንዲት እናት ወደ እኛ ቀረቡ። ልጃቸው አሜሪካ ነው ያለው። የላከላቸውን ካርድ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡ። በካርዱ ላይ ሥዕል አለ። ቤቱም፣ ዛፉም፣ መንገዱም በበረዶ ተሸፍኗል።

«ልጄ እዚህ በረዶ ውስጥ ነው ያለው» አሉን። «እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። በጌን ሸጬ ቡሉኮ ላሠራለት ነው። እንዴት እንደምልክለት ንገሩኝ።»

እኛም ሥዕሉን አየንና «አይዞዎት እማማ፣ እዚያ አገር ቤቱ ይሞቃል» አልናቸው። ካርዱን ግን አልገለጥነውም። ጥፋታችን ይህ ነው።

ደግነቱ ከመካከላችን አንዱ «እማማ፣ ውስጡን አንብበውታል?» ብሎ ጠየቀ። አላነበቡትም። ሥዕሉ አስደንግጧቸው ካርዱን አጥፈው አስቀምጠውት ኖሯል። ፋኖሱን አስጠጋንላቸው። ጣታቸውን ከፊደሉ ላይ አድርገው ቀስ እያሉ አነበቡ። «እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ። ያለሁት አሪዞና ነው። አገሩ ቆላ ነው። በረዶ የለም።»

ዝም አሉ። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ሳቁና «ታዲያ ይህን በረዶ ከየት አመጣው?» አሉን።

ጥያቄው የእናንተም ሊሆን ስለሚችል መልሱን እነሆ።

ይህ በረዶ የእኛን ሰብል የሚመታው ጠጠር አይደለም። እንደ ተነደፈ ጥጥ ለስልሶ ቀስ ብሎ የሚወርድ ነው። የገና ካርድ ታትሞ መሸጥ የጀመረው በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ ነው። ጊዜውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1843 ነበር። የፈረንጆቹ ገና ከእኛ 13 ቀን ቀድሞ፣ በብርዳቸው ወራት ይውላል። ስለዚህ ሠዓሊዎቹ በረዶ መሣል አዘወተሩ። ካርዱም ከነበረዶው በየአገሩ ተሸጠ፤ ቆላም ደረሰ።

አሪዞና ውስጥ እንደ እኛው አገር ደጋም ቆላም አለ። ፍላግስታፍ የምትባለው ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በረዶ ይጥልባታል። ፊኒክስ የምትባለው ትልቅ ከተማ ግን ያለችው 330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዙሪያዋ በረሃ ነው። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በገና ሰሞን ቀኑ 20 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በነጠላ ይኬዳል። ሌሊቱ ይበርዳል እንጂ በረዶ ማየት ብርቅ ነው።

ታዲያ ያለ በረዶ ገና አይከበርም? ይከበራል እንጂ! ፊኒክስ አጠገብ ቻንድለር የምትባል ከተማ አለች። በዚያ በረሃ ሲደርቅ ከግንዱ ተቆርጦ ነፋስ የሚያንከባልለው ቁጥቋጦ አለ። ሰዎቹ ይህን ሰብስበው ከምረው የገና ዛፍ ይሠሩበታል። ነጭ ቀለም ይረጩታል፤ መብራት ያለብሱታል። ልማዱን የጀመሩት በ1950 ዓ.ም. ነው። በጎረቤቱ ክፍለ ግዛት በኒው ሜክሲኮ ደግሞ በወረቀት ከረጢት አሸዋ ይጨምሩና ሻማ ይተክላሉ። በገና ዋዜማ በየመንገዱ ዳር ያበሩታል። ከሜክሲኮ የመጡ ቤተሰቦች የበቆሎ ሊጥና ሥጋ፣ የበቆሎውን ራስ በሚሸፍነው ቅጠል ጠቅልለው በእንፋሎት ያበስላሉ። እኛ ዳቦ በኮባ እንደምንጋግረው መሆኑ ነው።

ሰው በዓሉን የሚያከብረው አገሩ በሰጠው ነገር ነው። ቤተ ልሔም ራሷ ያለችው ከበረሃ ዳር ነው። በረዶ የሚጥልባት ከስንት አንዴ ነው።

እኚያ እናት በጋቸውን አልሸጡም። ከእኛ ወረቀትና እርሳስ ተቀብለው በገዛ እጃቸው መልስ ጻፉ። «ልጄ፣ ካርድህን አነበብኩት። አሁን ደግሞ ያለህበትን አገር ሥዕል ላክልኝ።»

እኛም ከእሳቸው ተምረናል። ሥዕል አይተን መልስ አንሰጥም፤ መጀመሪያ እናነባለን።

እስኪ እናንተም መልሱ፦
1. የገና ካርድ ላይ በረዶ የሚሣለው ለምንድን ነው?
2. ፍላግስታፍ በረዶ ሲጥል ፊኒክስ የማይጥለው ለምንድን ነው?
3. በእናንተ ቀበሌ ለገና የሚዘጋጀው ምንድን ነው? በሦስት መስመር ጻፉ።

ሳምንት እንገናኝ።